«እኔን» የማይባልበት ገመድ

እኛ አገር በረዶ ሲባል ከሰማይ ወርዶ ባቄላውን አርግፎ የሚሄደው ነው። አሠልጣኛችን ግን በረዶ ሲል ሌላ ነገር ነበር የሚታየው፤ ከዓመት ዓመት የማይቀልጥ፣ ተራራውን የሸፈነ፣ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ፣ ሰው የሚውጥ። የጎንደር ልጅ ነው፤ በሰው አገር የበረዶ ተራሮች ላይ እንግዳ ሲመራ ኖሮ የተመለሰ። ለእያንዳንዱ ዓይነት በረዶ የተለየ ስም ይፈልግና እኛን ይጠይቀናል። በረዶ ነው እንለዋለን። ያኛውስ? እሱም በረዶ። መጨረሻ ላይ ታክቶት ተወው።

እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ነበርሁ ልበል እንጂ። መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ ወደ ስሜን ተራሮች የሚመጣ እንግዳ ጠፍቶ፣ ቦት ጫማዬ ጎንደር ያለው ቤቴ አልጋ ሥር ሻገተ። የእህቴ ባልም አስጎብኚ ነው። የጃናሞራ ሰው ነው፤ ገደል ላይ እንደ ጭላዳ ነው የሚሄደው። በዕድሜ ስለምበልጠው አያ ይለኛል። ደባርቅ ላይ ከእህቴ ጋር ጎጆ ወጥተው ሸጋ ኑሮ ጀምረው ነበር። ሥራ ሲፈታ ግን ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ለመግባት ከደላላ ጋር መመካከር ጀመረ።

አሠልጣኙ የመጣው ያኔ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ፤ እዚያ እንግዳ የሚወስድ ድርጅት በረዶ ላይ መራመድና ከስንጥቅ ውስጥ ሰው ማውጣት የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ ፈተናውን ያለፈ ይቀጠራል አለን። እህቴ ለብቻዬ ጠርታ እንቅጩን ነገረችኝ። «ካለፈ ይሠራል፣ ይመለስልኛል። ከወደቀ ግን በባሕሩ ነው የሚሄደው። አደራህን፣ ወንድሜ።»

ሥልጠናው በክረምት፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ሣር የለበሰ ቁልቁለት ላይ ነበር። ጭቃው በረዶ ነው ተባለ፤ ከሥሩ ያለው ፈፋ ስንጥቅ ነው ተባለ። የበረዶ መጥረቢያው ስላልበቃ ግማሾቻችን ዶማ ያዝን። ገበያተኛው ቆሞ ያየናል። አንዲት ባልቴት፣ ምነው ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው ብለው ጠየቁን። አንድ ቀን እውነተኛው በረዶ ሲወርድ አሠልጣኙ ኑ ርገጡት እያለ ሮጦ ወጣ፤ ገመዱን ታጥቀን ሳንጨርስ ቀለጠ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ጊዜ ገና ሳቅ ነበረን።

ሕጉ አጭር ነው። ሦስት ሰው ተራርቆ በአንድ ገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ አይላላም። ፊተኛው ስንጥቅ ውስጥ ከገባ የቀሩት ወዲያው ወደ ኋላ ይወድቃሉ፤ ተረከዛቸውንና መጥረቢያቸውን ተክለው ይይዙታል። መጥረቢያ ቀብሮ ገመዱን እዚያ ላይ ማሰር፣ አጣጥፎ መጎተት፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። የእህቴ ባል ሁሉንም ከኛ ቀድሞ አወቀው። ቋጠሮውን ዓይኑን ጨፍኖ ይቋጥረዋል። ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሲወድቅ ባየ ቁጥር «እኔን!» ብሎ ወደ ወደቀው ይሮጣል።

ታዲያ ምን ያድርግ? ሰው አደናቅፎት እያየ እኔን የማይል ማን አለ? ያንተ መውደቅ ለኔ ይሁን ማለት እኮ ነው። ቃሉ ከአፍ ሳይወጣ እግር ይነሣል። እሱ ሲሮጥ ግን ገመዱ ይላላል፤ የወደቀው ይብስ ይወርዳል፤ ሯጩም ይከተለዋል። አሠልጣኙ ተቆጣ፣ ለመነ፣ በኋላም ገመድ ላይ እኔን ማለት ክልክል ነው ብሎ አወጀ። አንድ ቀን የእህቴ ባል ትዕግሥቱ አለቀና፣ «ሰው ወድቆ እያየሁ ወደ ኋላ ልሽሽ?» አለው። መሸሽ ሳይሆን መያዝ ነው አለው አሠልጣኙ። ነገሩስ ገብቶታል፤ ያልገባው እግሩ ነው።

ማታ ማታ ግቢያቸው ውስጥ አለማምደው ጀመር። እህቴ የልብስ ሳፋ ይዛ የወደቀች ታስመስላለች፤ እሱ ይሮጣል። እኔ ደግሞ እንዲህ ነው ብዬ ወደ ኋላ ወድቄ አሳየዋለሁ። እንደገና ትወድቃለች፤ እንደገና ይሮጣል። እህቴ ትስቅና ፊቷን አዙራ ዓይኗን ትጠርጋለች። እሱን አለማምዳለሁ ብዬ ለካ እኔው ስለማመድ ከርሜአለሁ።

በፈተናው ቀን ፊተኛው እኔ ነበርሁ፤ እሱ ከኋላዬ። ፈፋው አፍ ላይ ስደርስ ራሴን ለቀቅሁ። ገመዱ ያዘኝ። ከላይ ምንም ድምፅ የለም። ተንጠልጥዬ፣ ተመስገን፣ ችሎበታል አልሁ። ትንሽ ስወዛወዝ ጉልበቴ ከድንጋይ ጋር ተላተመና ወይኔ አልሁ። ወዲያው «እኔን! አያ፣ እኔን!» ሲል ሰማሁት፤ ገመዱም ላላ። አሠልጣኙ በሌላ ገመድ ባያስረኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ ሰው አልነበርሁም።

እኔ አለፍሁ፤ እሱ ወደቀ። የጮህሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ዕድል ስጠው ብዬ አሠልጣኙን ለመንሁት። «ሸጋ ሰው ነው» አለኝ፤ «ከሱ ጋር ግን በረዶ ላይ አልታሰርም።» እህቴን ማን ይንገራት? እሱ ራሱ ነገራት። ብዙም ሳይቆይ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ጎንደር መጣ፤ አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። ተሳስመን ተለያየን። ከባሕሩ ዳር ለእህቴ አንድ ጊዜ ደወለላት፤ ዛሬ ማታ እንሻገራለን አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። የኡጋንዳውም ነገር ዛሬ ነገ ሲባል ቆይቶ ቀረ። ባልወድቅበት ኖሮ ብሎ አንጀቱ እያረረ የሄደበት ሥራ፣ ለካ ጭራሹን አልነበረም። ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ አጥቼአለሁ፤ ተስፋ ብዬ የምነግራትም የለኝ።

ግቢያቸው ውስጥ የተለማመድንበትን ገመድ እህቴ ልብስ ማስጫ አደረገችው። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ያጠበችውን ልብስ በሳፋ ይዛ ስትመጣ ድንጋይ አደናቀፋትና በግንባሯ ተደፋች። እኔ ቃል አልወጣኝም። ሰውነቴ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ ጨብጬ፣ ያልታሰርሁበትን ገመድ ይዤ ተገኘሁ። ልክ እንደተማርሁት።

ከወደቀችበት ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ምነው፣ እኔን እንኳ አትለኝም?»

ልነሣ ስል እሷ ተነሥታ የተበተነውን ልብስ ከጭቃው ላይ ትለቅም ነበር።