ፈርሙልኝ

ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር በሄድኩ በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ፈረምኩ። ቆጥሬዋለሁ። ለቁልፍ ፈረምኩ፣ ለፍራሽ ፈረምኩ፣ ለቤተ መጻሕፍት ካርድ ፈረምኩ፣ እሳት ቢነሳ በየት በኩል እንደምወጣ ስለተነገረኝ ፈረምኩ። አንደኛው ወረቀት ደግሞ ሌሎቹን ወረቀቶች አንብቤ መፈረሜን የሚያረጋግጥ ነበር። ብርዱን ቻልኩት። ገና በዘጠኝ ሰዓት የሚጨልመውን ቀን ቻልኩት። ጨውም በርበሬም የማያውቀውን ምግባቸውን ቻልኩት። ወረቀታቸው ግን ጨጓራዬን ላጠው።

ኩሽና የምጋራት ልጅ ክፉ አልነበረችም። የገባሁ ዕለት ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣች። የፍሪጁ ሁለተኛ መደርደሪያ የኔ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱን በየተራ እናጸዳለን፤ እንግዳ የሚመጣብኝ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት አሳውቃለሁ፤ የሷን ወተት አልነካም። ከታች የፊርማ ቦታ። የሰው ወተት የምሰርቅ መስዬ ታየኋት ማለት ነው? እንዴት ሰው በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አያምንም? ፈርሜ ክፍሌ ገባሁና አለቀስኩ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት፣ "ምናልባት ከአንቺ በፊት የሰረቃት ሰው ይኖር ይሆናላ" አለችኝ። ጭራሽ ለእሷ ወገነች!

ዩኒቨርሲቲው እንደኛ ላሉት ስለ ባህል ድንጋጤ ስልጠና አዘጋጅቶ ነበር። አሰልጣኟ በሥዕል አሳየችን፦ መጀመሪያ ደስታ ነው፣ ቀጥሎ ብስጭት፣ ከዚያ መልመድ፣ መጨረሻ ላይ መዋሃድ። እጄን አውጥቼ የደስታው ደረጃ እኔን ዘሎኝ እንደሄደ ነገርኳት። ሁሉም ሰው የራሱ ፍጥነት አለው ብላ ሳቀችና መገኘታችንን የሚገልጽ ወረቀት አስፈረመችን።

ይሁን እንጂ ለመድኩ። ሳላነብ መፈረም ለመድኩ፣ ቀጥሎም ማስፈረም ለመድኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ሦስተኛ ልጅ ስትገባብን የኩሽናውን ውል ያረቀቅኩት እኔ ነበርኩ። ስለ ተልባ መፍጫዬ አጠቃቀም አንድ አንቀጽ ሁሉ ጨምሬበታለሁ። ልጅቷ ስትፈርም ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም፤ አላየኋትም።

ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት የገዛ ሰፈሬን ነው። ቤተሰቦቼ አቃቂ በሰቃ ኖረው ኖረው ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ያ ሁሉ ብሎክ የቆመው ትናንት እርሻ በነበረ መሬት ላይ ነው። እዚያ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ምን ሠርተው እንደሚያድሩ ከእነሱ ሃያ ሰው አነጋግሬ በስድስት ሳምንት ልመለስ አቀድኩ። "አንተ" ካልተባለና በስሙ ካልተጠራ ቅር የሚለው አማካሪዬ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ እያንዳንዱ ሰው ባለአራት ገጹን የስምምነት ቅጽ መፈረም አለበት። ፊርማ የሌለው ቃለ መጠይቅ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ሃያው ካልሞላ ደግሞ መመረቅ የለም። ቅጹን ወደ አማርኛ መለስኩት፣ ኦሮምኛውን አንድ ጓደኛዬ ሠራልኝ፤ ቦሌ ስደርስ በሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ይልቅ ወረቀቱ ይከብድ ነበር።

ከሁሉም በላይ የፈለግኳቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። እናቴ ጤፍ በምታስፈጭበት ወፍጮ ቤት እህል እየመዘኑ ይቀበላሉ። ጤፉን ዘገን አድርገው በጣታቸው ካሹ በኋላ ከየት እንደመጣ ይናገራሉ፤ ሲሳሳቱ አላየሁም። ዱሮ የሚያርሱት ከኛ ብሎክ ዝቅ ብሎ ነበር። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው፣ "ተቀመጪ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ስልኬ እንደሚቀዳ ነገርኳቸውና ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ቅጹን ማስቀደም ነበረብኝ፤ ግን ገና "ተቀመጪ" ያለኝ ሰው ፊት ወረቀት መዘርጋት አልሆነልኝም።

ሦስት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። በሬዎቻቸውን የሸጡ ሰሞን ጠዋት ጠዋት እየተነሱ ወደ ባዶው በረት ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ። ወፍጮ ቤት የገቡት ሌላ ሥራ አጥተው ሳይሆን የእህል ሽታ ናፍቋቸው እንደሆነ ነገሩኝ። "እናንተ ያላችሁበት ውሃ የሚተኛበት ነበር፤ ሽንብራ እንጂ ጤፍ አይሆንበትም። ምድር ቤታችሁ እርጥበት አያጣውም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የምድር ቤት ጎረቤታችን በየክረምቱ ግድግዳ ስትቀባ ነው የምትኖረው። ይህንን የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘውም ብዬ በደስታ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ ቅጹን አወጣሁ።

"አባባ፣ እዚች ጋ ይፈርሙልኝ።"

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። "የምን ፊርማ?"

"በፈቃድዎ እንዳነጋገሩኝ የሚገልጽ ነው።"

"አስገድደሽ ነው እንዴ ያናገርሽኝ?"

"ኧረ አይደለም፤ ግን ሥርዓቱ ነው።"

"ነገርኩሽ፣ ሰማሽኝ። ታዲያ ምን ቀረሽ? አታምኚኝም?" ወረቀቱን በአንድ ጣታቸው ወደኔ መልሰው ገፉት። "እኔ ከዚህ በፊት ወረቀት ፈርሜ አውቃለሁ። ቶሎ ቶሎ አነበቡልኝ፣ ፈረምኩ። ወረቀቱ እነሱ ጋ ቀረ። ምን እንደሚል እስከዛሬ በቅጡ አላውቀውም።" ይህን ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

ሌሎቹም ያው ናቸው። ድንች የምትቸረችር ሴትዮ ከልጅነቷ ጀምራ ስትተርክልኝ ቆይታ ወረቀቱን ስታይ "ባሌን ላማክር" ብላ ቀረች። አንዱ ቤት ሊታደል ነው ብሎ ለራሱም ለሦስት ልጆቹም ካልፈረምኩ አለ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አሥራ አራት ሰው አነጋግሬ የተፈረመ ቅጽ የያዝኩት ሁለት ነበር። ለአማካሪዬ ጻፍኩለት። ሰዎቹ ፊርማ መፍራታቸው ራሱ አስደሳች ግኝት ነው ብሎ፣ ፈገግ ያለች ቢጫ ፊት ለጥፎ መለሰልኝ። ከሥር ደግሞ፣ ፊርማው ግን የግድ ነው። ደሜ ፈላ። አዛውንቱ "አታምኚኝም?" ሲሉኝ እኔው ራሴ በወተት ምክንያት ያለቀስኩበት ነገር መሆኑ ያኔ አልታየኝም። በሳቸውም፣ በአማካሪዬም፣ ርዕሱን በመረጥኩበት ቀንም እየተናደድኩ ነበር።

እናቴ ይህን ሁሉ ስታይ ሰንብታለች። ወደ ኮዬ ፈጬ ብንመጣም እድሯን አልለቀቀችም፤ በየወሩ እሑድ አውቶቡስ ይዛ አቃቂ በሰቃ ትሄዳለች። በዚያ ወር ከእድር ስትመለስ ከፌስታሏ ውስጥ አንድ እሽግ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ፊቷ በርቷል።

"ይኸውልሽ፤ አለቀ! አርፈሽ ምሳሽን ብዪ።"

ሳላያት ከሻንጣዬ የወሰደችው ሃያ ቅጽ። ሃያ ፊርማ። አንዱ ላይ የጣት አሻራ አለ፤ መነጽሯን የረሳች ሴት ነች አለችኝ።

"እማዬ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?"

"እድርተኞቹ ናቸዋ! ልጄ የምትመረቅበት ነው ስላቸው ተሻምተው ፈረሙልሽ። አንዳቸውም ምንድነው ብለው አልጠየቁኝም፤ ኩሩ ሴቶች።"

"እኔ እኮ አላነጋገርኳቸውም!"

"ታነጋግሪያቸዋለሻ! ማን ከለከለሽ?"

"እማዬ! ገበሬ የነበሩ መሆን አለባቸው። እነዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ፋብሪካ የሠሩ ናቸው!"

ትንሽ አሰበች። "አንዷ ጓሮዋ ጎመን አላት" አለችኝ።

ወይ ጣጣዬ! እቤቱ ውስጥ በአንድ በኩል ወሬ ያለ ፊርማ፣ በሌላ በኩል ፊርማ ያለ ወሬ ይዤ ተቀመጥኩ። ጮህኩባት። ኩሽና ገብታ ድስት ስታንኳኳ ቆየችና፣ "የተማረ ሰው ነገር ሲያወሳስብ" እያለች ለራሷ አጉረመረመች።

አልዋሽም፤ አሰብኩት። ጥናቱ ላይ ስም አይወጣም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የድንቿን ሴትዮ ቃል ባለጎመኗ ፊርማ ላይ ባስቀምጠው ማን ያውቃል? ያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ወረቀቶቹን እያገላበጥኩ ዋልኩ። የከለከለኝ ጨዋነት ነው ብል ደስ ባለኝ። የቆምኩት ግን ቁጥር ሰባት ላይ ስደርስ ነው። ሰባተኛው አዛውንቱ ናቸው። በሳቸው ቃል ሥር የሌላ ሰው አሻራ ላስቀምጥ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ለአማካሪዬ እውነቱን ጻፍኩለት፤ አልቻልኩም፣ ልመለስ ነው፣ የመጣው ይምጣ አልኩት።

በማግስቱ መልስ መጣ። መፈረም ባልተለመደበት ቦታ ሰውየው በቃሉ መፍቀዱ ከተቀዳ በቂ ነው፤ መመሪያው መጨረሻ ላይ አለ፣ አልነገርኩሽም እንዴ? ይላል። አልነገርከኝም! ስልኩ ላይ ስጮህበት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በረንዳዋ ላይ ወጥታ ወደ ታች አየችኝ። አራት ገጹን የተረጎምኩት እኔ፤ መመሪያውን ግን እስከ መጨረሻው ሳላነበው ነበር አንብቤያለሁ ብዬ የፈረምኩት።

ወፍጮ ቤት ከእናቴ ጋር ተመለስኩ፤ እሷ ጤፏን ይዛለች። አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቅኳቸውና አሁን ወረቀት እንደሌለ፣ ስልኩ ላይ "ፈቅጃለሁ" ቢሉ እንደሚበቃ ነገርኳቸው።

"እላለሁ" አሉኝ። "አንቺ ግን ፈርሚልኝ።"

"እኔ? ምኑን?"

ከወፍጮ ቤቱ ደብተር አንድ ቅጠል ገነጠሉ። "የነገርኩሽን ጽፈሽ ስትጨርሺ መጥተሽ ታነቢልኛለሽ። እሱን ጻፊና ፈርሚ። ወረቀቱም እኔ ጋ ይቀራል።"

በዓመት ውስጥ ስንት ወረቀት ሳላነብ የፈረምኩ ሰው፣ ያችን አንድ መስመር ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ከተመረቅኩ በኋላ ውጭ አገር ለመቅረት ማመልከቻ ማስገባቴን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ አጠገቤ ለቆመችው እናቴም። አዛውንቱ አላቻኮሉኝም። እናቴ ግን፣ "ምን ትደነግጪያለሽ፣ ፈርሚላቸው እንጂ!" አለችኝ። ፈረምኩ። እሷም ምስክር ሆና ከሥር ፈረመች፤ በእድር መዝገብ እጇ ለምዷል።

ሌሎቹም እንዲሁ በቃላቸው ፈቀዱልኝ፤ ሃያው ሞላ። ተመረቅኩ፤ ሥራም እዚያው ውጭ አገር አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ከእናቴ ጋር የተደዋወልነው ሁሉ በአንድ ነገር ያልቃል፦ "ሽማግሌው ጠየቁሽ።" ፋሲካ ነው፣ "ሽማግሌው ጠየቁሽ"። ቤት ቀየርኩ ስላት፣ "ጥሩ ነው፤ ሽማግሌው ጠየቁሽ"። ናላዬን አዞረችው። በመጨረሻ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ ያስጠረዝኩትን ጥናት ይዤ መጣሁ።

ወፍጮው በቆመበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ እያማረጥኩ ወደ አማርኛ አነበብኩላቸው። የባዶው በረት ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጠልኩ። "ተሳታፊ ሰባት እንደገለጹት፣ ብሎኮቹ ያሉበት መሬት ውሃ የሚተኛበት ነበር..."

"ማናቸው ተሳታፊ ሰባት?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

"ስሜ ጠፋሽ?"

"አልጠፋኝም። ስም መጻፍ ክልክል ነው። እርስዎን ለመጠበቅ ተብሎ ነው።"

"ከምን?"

በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌበታለሁ፤ እዚያ ሚዛን አጠገብ ግን ገጾቹን ዘልዬ ወደ ተሳታፊ ስምንት አለፍኩ።

"ስምንትስ ማናት?"

መናገር አልነበረብኝም፤ ግን ነገርኳቸው። የድንቿ ሴትዮ። "እሷም እኮ ስም አላት" አሉኝና እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰዱ። ጥራዙን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹ። "ተሳታፊ ሰባት" የሚለው ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ ስማቸውን ጻፉ። ቀጥለው ያባታቸውን፣ ቀጥለው ያያታቸውን። እጃቸው ቀስ ይላል፤ አንዷን ፊደል ደግመው አደመቋት። ከዚያ ከሥሩ ፈረሙ፤ ያኔ ለምኜ ያጣሁትን ፊርማ።

"ወስደሽ አሳዪያቸው" አሉኝ።

ማሳየት አልችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ጥራዙ ሻንጣዬ ውስጥ ነው ያለው። እኔም ይህን ሁሉ ስጽፍ ስማቸውን አንድም ቦታ አልጠራሁም። ማንም አላዘዘኝም፤ ለምጄው ነው።