በእኔ እሸት ውስጥ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ለአባባ ቁስል አዮዲን ስገዛ ሽታው ዛሬም በቅናት ያንገበግበኛል።

ልጆች ሆነን አባባ ዱራ የሚባለውን ማሽላ ከሚያጭድባቸው ከቁረይሻና ከዶካ እርሻዎች ሲመለስ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ እሸት ለእኔ ለታላቋ ይሰጠኝ ነበር። አንድ ዓመት እሸቴን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህራችን አንዷን ፍሬ ስስ አድርጎ ቆረጠና አዮዲን ጠብ አድርጎ ማይክሮስኮፑ ሥር አኖራት። እኔ ሳይ የታየኝ የገዛ ሽፋሽፍቴ ብቻ ነው። ታናሽ እህቴ ግን ገና ጎንበስ ከማለቷ፣ "ብዙ ጆንያ አለ፤ ሁሉም ሰማያዊ ፍሬ ሞልቶበታል" አለች።

"ጆንያው ሕዋስ ነው፤ ፍሬው የስታርች ቅንጣት" አላት መምህሩ።

ሊወስደን የመጣው አባባ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ዕድሜዬን ሙሉ ያጨድኩት ይሄን ኖሯል?" አለ። እንደገና ልይ ብል፣ "ተዪው ልጄ፣ እሷ አይታልናለች" ብሎ የቀረውን እሸት ለእሷ ሰጣት።

እህቴ ዛሬ ሌላ ከተማ፣ ሾዋክ ናት። አባባን የማበላው፣ ቁስሉን የማጥበው እኔ ነኝ። ዱራ በደረሰ ቁጥር ግን፣ "ለእህትሽ ደውዪልኝ፤ የጆንያዎቹን ነገር ትንገረኝ" ይለኛል። ስልኩን ጆሮው ላይ የምይዝለትም እኔ ነኝ።