ከካሜራው የሚሸሸው ሰውዬ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ለቴሌቪዥን ዜና የእርዳታ እህል እደላ ልንቀርጽ ቆቦ ገብተን ሳለ፣ አንድ ሰውዬ በሄድንበት ሁሉ ይከተለን ነበር። ካሜራው ወደሱ ሲዞር ፊቱን በፎጣው ይሸፍናል። ሾፌራችን አራጌ፣ “ጆሮ ጠቢ ነው፤ አፍህን ጠብቅ” አለኝ። እኔም ጠረጠርኩ። የዚያን ጊዜ ጋዜጠኛ ሥራው ማየት ቢሆንም፣ ውሎ የሚያድረው ያየውን ደብቆ ነበር።

ልንመለስ ስንል ሰውዬው ሻይ ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያደረገው የጎማ ጫማ ነው፤ ጣቶቹ ግን የገበሬ አይመስሉም።

“ወንድሜ፣ ከቀረጻችኋቸው መሀል ግንባሯ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት ሴት አይተሃል? አሲያ ትባላለች።”

ቆቦ ከመግባታችን በፊት፣ ጎብዬ መጠለያ ውስጥ አይቻታለሁ። ነገር ግን ሊያስይዛት የሚፈልግም ሰው እንዲሁ ነው የሚጠይቀው።

“ምንህ ናት?” አልኩት።

“እሱን ተወው። የት እንዳለችም አትንገረኝ፤ ከያዙኝ የማወጣው ነገር እንዳይኖረኝ። በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገረኝ።”

ጥርጣሬዬ ለቀቀኝ። “አለች” አልኩት፤ “ልጅም አዝላለች።”

“ልጅ?” አለ።

ከዚያ “አልሐምዱሊላህ” ብሎ፣ ሻዩን ሳይነካ ተነሥቶ ሳያውቀው ከጎብዬ በተቃራኒ በዋጃ መንገድ ሄደ።