ቁልፍ ሠሪው በራሱ ደጅ

መጀመሪያ የተወረወረው የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ ጆሮውን ስቶ ግድግዳው ላይ ተፈረካከሰ። ድስቱ ግን ትከሻውን አገኘው። ከዚያ ሚስቱ ራሷ መጣችበት። አንገቱን ቧጨረችው፣ ሸሚዙን ከደረቱ ላይ ሸረከተችው።

«ልትተወኝ ነው። ዓይንህ ላይ አይቼዋለሁ።»

«የፋርማሲው በር አልከፈት ብሏቸው ነው የጠሩኝ፣ ዓለሜ።»

«ዓለሜ አትበለኝ። ባትወለድ ይሻለኝ ነበር።»

በማለዳ ይህችው ሴት እጁን ደረቷ ላይ አድርጋ «ካላንተ ሰው የለኝም» ብላው ነበር። በስድስት ዓመት ትዳር ቁልፍ ሠሪውን ግራ ያጋባው ይኼው ነው። ጠዋት መልአክ ታደርገዋለች፣ ሳይረፍድ ሰይጣን። እሱ ግን ያው ነው፤ ያው ጣቱ ዘይት ዘይት የሚሸት ሰው።

ገፍትራ አስወጣችውና ከውስጥ ቆለፈች። የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር።

በከተማው እጁ ያልረታው ቁልፍ የለም። በዚህች በር ላይ ግን መሣሪያ አያነሳም። በተጋቡ በዓመቱ አንድ ጊዜ ከፍቶ ቢገባባት ካቻቢቴውን ነጥቃ ክንዱን ወግታዋለች። ቁስሉን እያጠበች፣ እንባዋ ውሃው ውስጥ እየወረደ፣ «እኔ የቆለፍኩትን የምትከፍት ከሆነ የት እገባለሁ?» አለችው። ዳግም ላይከፍት ማለላት።

ድሮ እንዲህ ስትሆን ድምፁን አጥፍቶ ይወጣ ነበር፤ ዝምታ እሳት የሚያጠፋ መስሎት። ሐኪሟ ናት ያነቃችው። ሕመሙ ቦርደርላይን የሚባል የስብዕና መታወክ ነው አለችው። «ጥለሃት የምትሄድ ሲመስላት ቀድማ ትመታለች። ስትመታህ ቆመህ አትቀበል፣ ውጣ። ግን አትጥፋባት። የት እንዳለህ ንገራት፤ በተናገርክበትም ቦታ ተገኝ።»

ስለዚህ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እዚሁ ነኝ፣ ደጅ ነኝ» አለ በቁልፉ ቀዳዳ። ከውስጥ ሳህን ተሰበረ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ሲያልፍ ቆም አለ። «ቁልፍ ሠሪ ተቆለፈበት ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ያንተ ሱሪ መቀመጫው ላይ መቀደዱንም አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

ሰፊው ሱሪውን እየዳበሰ ሄደ። ቁልፍ ሠሪው እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አንጎራጎረ፤ ይህን ስትሰማ አንዳንዴ ትረጋጋለች።

ብረት እከፍታለሁ፣ ናስም እከፍታለሁ፣
አንቺ ስትዘጊብኝ እደጅ እቆማለሁ።

ትልቁ መስታወት ወደቀ። ከዚያ ምንም አልተሰማም። ሁልጊዜ ከስብርባሪው በኋላ ለቅሶ ነበር፤ ከለቅሶው በኋላ የእግር ኮቴ፣ ከኮቴው በኋላ የሚዞር ቁልፍ። ዛሬ ለቅሶ የለም።

«ዓለሜ፣ አንዴ በሩን ምቺልኝ።»

ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ፤ ምት የለም።

«ምዬልሽ ነበር። አሁን መሣሪያዬን ላወጣ ነው። ልይዝሽ አይደለም የምገባው፣ ደህና መሆንሽን ለማየት ነው።» ስንቱን ካዝና ባናገረበት ቀጭን ሽቦ ቀዳዳውን ፈተሸ። በሩ ተከፈተ።

ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። መዳፏ ደም ነው፤ የመስታወቱ ስባሪ አሁንም በጭብጧ ውስጥ።

«ምለህልኝ ነበር።»

«ምዬ ነበር። አፈረስኩት።»

ሰነዘረችበት። ሁለት ጣቶቹ ተተለተሉ። እሱ አልያዛትም፤ ወደ ደፉ ተመለሰና እዚያው ተቀመጠ። ቦርሳውን በወለሉ ላይ ገፍቶ ወደ እሷ አንሸራተተው።

«መሣሪያዬ አንቺ ጋ ይሁን። ያለሱ የት እሄዳለሁ?»

ቦርሳውን ረጅም ጊዜ አየችው። ስባሪው ከእጇ ወደቀ፤ ለቅሶው ያኔ መጣ። በተቀደደው ሸሚዙ መዳፏን አሰረላት፤ ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም።

«ፋሻ የለንም» አለች።

«ፋሻው ያለው ፋርማሲው ውስጥ ነው።»

ቦርሳውን እሷ ተሸክማ አብረው ሄዱ። ፋርማሲስቱ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱን አይቶ «ማን አቆሰላችሁ?» አለ።

«መስታወት» አለ ቁልፍ ሠሪው።

የተተለተሉት ጣቶቹ ሽቦውን መያዝ እምቢ አሉ። ደሙ አንሸራተተው። ሚስቱ አጠገቡ ተንበረከከች፤ ባልተጎዳው እጇ ሽቦውን ተቀበለችው።

«ወደ ግራ። አትጫኚው፣ ሲነግርሽ ስሚው።»

«ነገም እመታህ ይሆናል» አለች፣ ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሳ።

«ከመታሽኝ እወጣለሁ።»

እጇ ቆመ። «ወዴት?»

«ደረጃው ላይ።»

ሽቦውን ትንሽ ወደ ግራ አዞረችው። ቁልፉ ጠቅ አለ።