ድንጋዩ ያለፈበት ሐሙስ

ልጅ ሳለሁ ቁጭ በይ ሲሉኝ እግሬን የሚበላኝ፣ ቀስ በይ ሲሉኝ የምሮጥ ቅብጥብጥ ነበርኩ። ኮልፌ በሚገኘው ግቢያችን አንድ ቦታ የሚያስቀምጠኝ የአባባ ከድር ተረት ብቻ ነበር። አባባ ከድር የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ከአያቶቼ በቀረው ግቢ እኛ በግራ፣ እሳቸው በቀኝ፣ በአንድ የቆርቆሮ በር እየገባንና እየወጣን እንኖር ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ልክ እንደጠፋ ወደ እሳቸው ክፍል እሮጣለሁ፤ ፋኖሱ የተፈታታ ሰዓት በሞላበት ጠረጴዛ ላይ ያጨሳል፣ የከሰሉ ፍም ጉልበቴን ያሞቀኛል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እርስ በርስ ሳይስማሙ ይቆጥራሉ።

አባቴ ወደዚያ ክፍል እንዳልሄድ ከልክሎኝ አያውቅም። እሱ ራሱ ግን ወንድሙን ካናገረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አያቴ፣ የሁለቱ እናት፣ የሞተች ቀን አባቴ ለሥራ ጅማ ሄዶ ነበር። በእኛ ወግ ሬሳ አያድርም፤ አባባ ከድርም አልጠበቁትም። አባቴ እየከነፈ ሲደርስ ሰው ሁሉ ከቀብር ተመልሶ ነበር።

«አንድ ሰዓት ቢጠብቀኝ ምን ነበረበት?» ይል ነበር እናቴ ነገሩን ባነሳችበት ቁጥር።

ከዚያ ወዲህ እንዳይገናኙ፣ ማንም ሳይመድብላቸው ሰዓት ተከፋፈሉ። ጠዋት አባቴ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ አባባ ከድር የቆርቆሮው በር ሲዘጋ ሰምተው፣ ሩብ ሰዓት ቆይተው ይከተላሉ። ይህም አልበቃ ብሎ አባቴ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር የኪራይ ቤት ማፈላለግ ጀመረ። ከአባባ ከድር ልለይ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

በዚያው ሰሞን ሬዲዮው፣ ከአንድ ቤት የማይበልጥ ድንጋይ ሐሙስ ዕለት በመሬት አጠገብ ያልፋል ብሎ አወራ። እኛ ትምህርት ቤት ሲደርስ ወሬው ዓለም ልታልቅ ነው ሆኖ ነበር። ማክሰኞ ማታ መብራት እንደጠፋ፣ ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኳቸው።

«አባባ ከድር፣ ድንጋዩ ይመታናል እንዴ?»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ አንቺ ቅብጥብጥ።»

ፋኖሱን አውርደው ሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀመጡት። «ይቺ ፀሐይ ናት» አሉ። በከሰል ስባሪ ዙሪያውን ክብ ሠሩ፤ የመሬት መንገድ ነው። ከዚያ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ሌላ መስመር ሳቡ፤ እሱ የድንጋዩ መንገድ ነው፣ ክቡንም ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ለመሬት የሸሚዝ ቁልፍ፣ ለድንጋዩ የሰዓት ብሎን አስቀመጡና ልክ የጅብ ተረት ሲነግሩኝ እንደሚያደርጉት «አንድ ከቤቱ የወጣ ድንጋይ ነበር» ብለው ጀመሩ። ድንጋዩ ይዞራል፣ መሬትም ትዞራለች፤ እሱ መስቀለኛው ጋ ሲደርስ እሷ አልፋለች፣ እሷ ስትደርስ እሱ ገና ነው።

«መንገድ ስለተቆራረጠ ብቻ አይገናኙም» አሉ። «ሰዓቱም መግጠም አለበት። ሐሙስ ሰዓቱ አይገጥምም፤ አትፍሪ።»

«ቢገጥምስ?»

ብሎኑን በጣታቸው እያንከባለሉ በመስኮቱ በኩል ወደ እኛ ቤት ሻማ ሲመለከቱ አየኋቸው።

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ድንጋዩን ረሳሁት። የያዘኝ አባቴንና እሳቸውን የሚለያየው ሩብ ሰዓት ነበር። ረቡዕን ስቁነጠነጥ ዋልኩ፤ መምህሯ ሁለቴ አስነስታ አቆመችኝ። ሐሙስ ሲነጋ ማንም ሳይነሳ የአባቴን የግራ ጫማ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ወሸቅኩት።

አባቴ እየተቆጣ አልጋ ሥር ሲፈልግ አንድ ሰዓት ሞላ። እኔ ቀስ ብዬ ወጥቼ የቆርቆሮውን በር ከፈትኩና በኃይል ዘጋሁት። እንደዚያ ቀን የረዘመ ሩብ ሰዓት አላውቅም። በመጨረሻ አባባ ከድር ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ፤ አባቴም አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ እንደሆነ ጫማውን ፍለጋ ደጃፉ ላይ ብቅ አለ። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ከዚያ አባቴ ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ሊመለስ ሆነ።

«ሙስጠፋ» አሉ አባባ ከድር። «ጫማህን ፈልግ። እጠብቅሃለሁ።»

አባቴ ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አባቴ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሮጬ ጫማውን አመጣሁለት። የት አገኘሽው ያለኝ የለም። አባቴ ክሩን ሲያስር በጣም ቆየ፤ አባባ ከድርም በሩን በእጃቸው ይዘው ጠበቁት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ተራርቀው ወደ ፌርማታው ወረዱ።

ድንጋዩም በዚያው ቀን አለፈ፤ ከሰፈራችን ያየው የለም። ቤት መከራየቱም ቀረ።

ካደግሁ በኋላ እንዳነበብኩት፣ መሬትን በጣም ተጠግቶ የሚያልፍ ድንጋይ እንዲሁ አያልፍም። መሬት ሳብ ታደርገዋለች፤ መንገዱ ትንሽ ይጣመማል፣ ዳግመኛም በድሮው መስመር አይመለስም። አባባ ከድር ይህን አልነገሩኝም፤ ምናልባት አያውቁትም ነበር። ዛሬ እሳቸው የሉም። አባቴ አርጅቷል፤ ጠዋት ሲወጣ የማደርሰው እኔ ነኝ። የቆርቆሮው በር ጋ ስንደርስ ግን ፊቱን ወደ ቀኙ ቤት አዙሮ ይቆማል።

«እንሂድ አባ፣ ይረፍድብናል» እለዋለሁ።

«ቆይ» ይለኛል።

እኔም፣ ያቺ ቅብጥብጥ፣ በሩን በእጄ ይዤ አብሬው እቆማለሁ።