የተሸጠችው መኪና ፎልደር

ኮኪ ከኬላው በታች ባለች ጠባብ ሱቋ ፎቶ ታትማለች፣ ስልክ ትጠግናለች፣ ለሹፌሮችም ፎቶና ድምፅ ኮምፒውተሯ ላይ ታስቀምጣለች። የሹፌር ስም ስለሚመሳሰልባት ፎልደሩን የምትሰይመው በመኪናው ታርጋ ነው። መኪናዋ መሸጧን ከሰማች ፎልደሩን ታጠፋለች፤ ባለቤቱም አብሮ የሄደ ይመስላታል።

ሹፌሩ ጋሽ ዱባለ የእናቱን ድምፅ ያመጣላት በአሮጌዋ መኪናው ይመላለስ በነበረ ጊዜ ነው። ከዲላ ወደ ሐዋሳ ሐኪም ቤት ሲወስዳቸው በስልኩ የቀዳው ነበር፤ የሞተሩ ጩኸት ግን ድምፃቸውን ሸፍኖታል። እናቱ አረፉ፤ ስልኩም መንገድ ላይ ጠፋበት፤ ድምፁ የቀረው ኮኪ ዘንድ ብቻ ነው።

«ሞተሩን ዝም አሰኚልኝ እንጂ እሷን አትንኪብኝ» ብሏት ነበር።

ኮኪ ጫጫታ የሚያጠራ የፓይተን ላይብረሪ፣ ሌሎች የጻፉት የፕሮግራም ኮድ፣ አገኘች። ለእሷ ዊንዶውስ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ግን አልነበረም፤ ከምንጭ ኮዱ እዚያው መገንባት ነበረባት። ስትሞክር ቀይ ጽሑፍ ወረደባት፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር የለም። እሱ ደግሞ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ዲስኩ ሞልቷል። ፎልደሮቹን ቃኘች። አንዱን ታርጋ አየችና «ይቺ እንኳ ተሸጣለች» ብላ አጠፋችው፤ መጣያውንም ባዶ አደረገችና ኮምፓይለሩን ጫነች።

መጀመሪያ የከፈተችው የትእዛዝ መስኮት የሠላሳ ሁለት ቢት ሆኖ ከእሷ ፓይተን ጋር ስላልገጠመ ሥራው ተበላሸባት። ትክክለኛውን ከፍታ ደገመችው። ተሳካ። ለሙከራ ብላ ቀደም ሲል ሞተሩ የበዛበትን ቦታ ቆርጣ ለብቻ አስቀምጣ ነበርና እሱን አጫወተችው። ሞተሩ ጠፋ፣ የአሮጊቷ ድምፅ ወጣ፦ «ዱባለ፣ መስኮቱን ዝጋው፣ ይበርድሃል።»

ኮኪ አጨበጨበች። ሙሉውን ልትከፍት ስትል ያጠፋችው ታርጋ የዱባለ አሮጌዋ መኪና መሆኑ ትዝ አላት። የጠፋ ፋይል መልሶ በሚያወጣ ፕሮግራም ፈለገች፤ ኮምፓይለሩ በላዩ ተጽፎበታል።

የዱባለ አዲሷ መኪና ስትመጣ ኮኪ ሱቋን ዘግታ ጎረቤቷ ሀዊ ዘንድ ገባች። በሌላም ጊዜ እንዲሁ አደረገች።

«እንደ ሌባ መደበቅ ምንድን ነው? ውጪና ንገሪው!» አለቻት ሀዊ።

በመጨረሻ ዱባለ ሱቋ በር ላይ አገኛት።

«ኮኪዬ፣ ጠፍተሽብኝ! አለቀልኝ?»

«ጋሽ ዱባለ፣ አጥፍቼዋለሁ።»

«ሞተሩን?»

«እሳቸውን።»

ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ የቀረችውንም ቁራጭ አሰማችው።

«ድገሚው» አላት። ደገመችው።

«ከዚህ ቀጥላ ምን ነበር ያለችኝ? አንቺ ጋ አለ ብዬ እኮ ደጋግሜ አልሰማሁትም።»

«አላውቅም። ሙሉውን አላዳመጥኩትም።»

ዱባለ ቁራጯን ወደ ስልኩ አስገለበጠ። «ይሁን፣ አንቺም ለእኔ ብለሽ ነው» አለና ወጣ። ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

አሁንም በዚያ ያልፋል። ክላክሱን ይነፋላታል፤ አይወርድም። ኮኪም ከወንበሯ ሳትነሳ እጇን ብቻ ታነሳለታለች።