ሰይፉ ወደ ግራ እጅ ሳይዞር

ይህ የደረሰብኝ አምና በክረምቱ መግቢያ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ መስክ ላይ ነው። ጭጋግ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሥራዬ ለፊልም የሰይፍ ፍልሚያ ማዘጋጀት ነው። ማን መቼ እንደሚሰነዝር፣ ማን እንዴት እንደሚመክት ወስኜ ተዋንያኑን አሰለጥናለሁ። የዚያን ፊልም ፍልሚያ ያጠናነው አዲስ አበባ፣ በር ዘግተን ነው። የቆሰለው ሰው በጉልበቱ ይወድቃል። አለቀለት ሲባል ሰይፉን ወደ ግራ እጁ አዙሮ ከታች ወደ ላይ ይሰነዝራል።

የቀረጻው ዕለት ጭጋጉ መስኩ ላይ ተኝቷል። የመስኩ ባለቤት ኦቦ ቱፋ፣ ሰማንያን የተሻገሩ አዛውንት፣ በትራቸውን ተደግፈው ከዳር ያያሉ። ተዋንያኑ ቢንያምና እዚያው አርሲ ያደገው ከድር ነበሩ።

ቢንያም በጉልበቱ ወደቀ። ሰይፉ ገና በቀኝ እጁ ነው። ኦቦ ቱፋ ድንገት፣

«ሀርካ ቢታ! ሀርካ ቢታ ኢላሊ!» ብለው ጮኹ።

በኦሮምኛ ግራ እጁን ተመልከት ማለታቸው ነው። ከድር ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ። ያኔ ቢንያም ሰይፉን ወደ ግራ አዙሮ ሰነዘረ። ለቀረጻ የተሠራው የአሉሚኒየም ስለት ከእጀታው ወልቆ፣ የከድር አንገት በነበረበት በኩል እያፏጨ አለፈና መሬት ላይ ተተከለ።

ጭጋጉ ውስጥ የላሞች ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር።

«አባባ፣ ግራ እጁን እንደሚጠቀም በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«አጎቴን የገደሉት እዚሁ ነው፣ ልጄ። ከአንድ ሰው ጋር በመሬት ተጣልተው። ሰውዬው ወደቀ፤ አጎቴ አለቀለት ብሎ ተጠጋው። ሰውዬው ጎራዴውን ወደ ግራ ሲያዞር አየሁ። ልጅ ነበርኩ። ልጮህ አልኩ፤ ድምፄ አልወጣም።»

«የት ጋ ነው?»

ሳይጠጉ በበትራቸው አመለከቱኝ። ከድር ከመዝለሉ በፊት የቆመባት ቦታ ነበረች።

ቀረጻውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰድነው፤ ፍልሚያውንም ለወጥኩት።

መስቀል ሰሞን ኦቦ ቱፋን ልጠይቅ ሄድኩ። ከብቶቻቸውን እዚያችው ቦታ ላይ ያግዳሉ።

«አጎቴ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ይቺን መሬት ረግጬ አላውቅም ነበር። አሁን ለቀቀኝ። ና፣ በዚህ ተሻገር» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ለእሳቸው ደስ አለኝ። እግሬ ግን እምቢ አለ። መስኩን ዙሪያውን ዞሬ ነው የደረስኩባቸው። እሳቸውን የለቀቃቸው ነገር እኔን ይዞኝ ይሆን እላለሁ።